“እውነት ነው ወይ?” ልብ ወለድ፣ እምነትና የጋርላንድ ልጆች

እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ከቅዳሴ የሚመለስ አንድ መኪና በአሜሪካ፣ ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ውስጥ ዋልነት ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞታል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው የ9 ዓመት ልጅ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ፣ በላዩ መጽሐፍ ዘርግታለች። የደረሰችበት ገጽ ላይ አንድ ታላቅ አንበሳ በድንጋይ ገበታ ላይ ታስሮ ይገደላል። ጎሕ ሲቀድ ድንጋዩ ለሁለት ተሰንጥቆ ይገኛል፤ አንበሳውም ሕያው ሆኖ ይመጣል። ልጅቷ ቀና ብላ ይህ ነገር እውነት ነው ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች። እናት መሪውን እንደያዘች በአማርኛ ትመልሳለች፦ «ታሪክ ነው እኮ፣ የኔ እናት።»

መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ጥያቄውን ግን አልመለሰም። ይህ የሆነው እናቲቱ ችላ ብላ አይደለም፤ ቃሉ ሰፊ ስለሆነ ነው። በአማርኛ «ታሪክ» የዐድዋን ጦርነትም ይይዛል፣ ጎረቤት ትናንት ያወጋውንም፣ ደራሲ ከራሱ ያፈለቀውንም። የሆነውን ካልሆነው የሚለይ ስም የተገኘው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሮም ላይ አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይላል። መጽሐፉ ኋላ በዋና ባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ፤ ርእስ የነበረው «ልብ ወለድ» ደግሞ የጠቅላላው የድርሰት ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ስሙ ሁለት ጠባይ አለው። በአንድ በኩል ልብ በአማርኛ የማሰቢያም የማስተዋያም ስፍራ ስለሆነ፣ ከልብ የተወለደ ነገር ክቡር ነው። በሌላ በኩል በዕለት ንግግር «ይሄማ ልብ ወለድ ነው» የሚባለው ሰውዬው ዋሽቷል ለማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ ልጁ በእንግሊዝኛ መንፈሳዊ ልብ ወለድ ስታነብ ሲያይ ደስታና ስጋት አብረው የሚይዙት ይህን ሁለት ጠባይ ሳያውቀው ተሸክሞት ስለሚኖር ይመስለኛል።

ስጋቱን ለመረዳት ከልብ ወለድ በፊት ትረካ በምን መንገድ ይመጣ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ሰፊ መንገዶች ነበሩ፤ ሁለቱም ደጃፍ ነበራቸው።

አንደኛው ተረት ነው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይቀበላሉ። ይህ ቅብብል ውል ነው። ከዚህ ወዲያ ጅብ ይናገራል፣ ቀበሮ ዳኛ ይሆናል፤ ማንም ግን አልዋሸም። ሁለተኛው ገድል ነው። ገድል ማለት የአንድ ቅዱስ ተጋድሎና ተአምር የተጻፈበት መጽሐፍ ነው። የብዙ ቅዱሳን አጫጭር ታሪክ በየዕለቱ የተደለደለበት መጽሐፍ ደግሞ ስንክሳር ይባላል። ገድል በሥላሴ ስም ይከፈታል፣ በምርቃት ይዘጋል፤ በመካከሉም ቃል ኪዳን የሚባል ክፍል አለ። ይህም የቅዱሱን ስም ለሚጠራ፣ ገድሉን ለሚጽፍ፣ ለሚያነብና ለሚሰማ የተሰጠ ተስፋ ነው። ስለዚህ ገድል መስማት ወሬ ማወቅ ብቻ አይደለም፤ በረከት የሚያስገኝ ሥራ ነው። ሐምሌ 19 ቀን የሕፃኑ ቂርቆስና የእናቱ የኢየሉጣ ታሪክ ሲነበብ፣ የፈላው ውኃ በገብርኤል ሲበርድ፣ የሚሰማው ልጅ እውነት ነው ወይ ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት የለውም። ቦታው፣ ዕጣኑ፣ የአንባቢው ዜማና የጉባኤው መቆም አስቀድመው መልሰውለታል። በወንጌላውያን ቤት ደግሞ ገድል ባይነበብም ምስክርነት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ጉባኤ ፊት ቆሞ «ጌታ እንዲህ አደረገልኝ» የሚል ሰው የሆነ ነገር እንደሚናገር ሁሉም ያውቃል።

ልብ ወለድ እንዲህ ያለ ደጃፍ የለውም። ሽፋኑ ሲገለጥ የሚቀባበል ድምፅ የለም፤ አንባቢው ብቻውን፣ ተቀምጦ፣ ዝም ብሎ ይገባል። የክርስትና ታሪካዊ ልብ ወለድ ከሁሉ ይከብዳል፤ አንድ እግሩን በሆነው ላይ፣ ሌላውን በልብ ፈጠራ ላይ ያቆማልና። ጲላጦስ በእውነት ነበረ፤ ከጲላጦስ አደባባይ ጥግ ቆሞ የሚያየው ባሪያ ግን የደራሲው ልጅ ነው።

ይሁን እንጂ መንፈሳዊ ትምህርትን በፈጠራ ትረካ ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ነው የሚለው ግምት ማስረጃ አይቆምለትም። እ.ኤ.አ. በ1553 በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም «በረላም ወይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። ዘመኑ ከአሕመድ ግራኝ ጦርነት ማግስት ነው፤ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት የተቃጠሉበት፣ ብዙ ሰው ሃይማኖቱን የለወጠበት ጊዜ ነበር። ዕንባቆም ራሳቸው ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉ ሰው ናቸው፤ የተረጎሙትም ክርስትናን ስለተቀበለ የንጉሥ ልጅ ነው።

ትረካው እንዲህ ይሄዳል። በሕንድ አገር ለሚኖር አንድ አረማዊ ንጉሥ ወንድ ልጅ ይወለዳል። ኮከብ ቆጣሪ ልጁ ክርስቲያን እንደሚሆን ይናገራል። ንጉሡ ይህን ለመከላከል ልጁን በተዋበ አዳራሽ ይዘጋበታል፤ በሽታ፣ እርጅናና ሞት የሚባል ነገር እንዳያይ አገልጋዮቹን ያዝዛል። ልጁ አድጎ ሲወጣ ግን በሽተኛ ያያል፣ ሽማግሌ ያያል፣ ልቡም ይናወጣል። ያኔ በረላም የተባለ መናኝ ነጋዴ መስሎ ይመጣል፤ የከበረ ዕንቍ አለኝ ብሎ ይገባና በምሳሌ ያስተምረዋል። ይዋስፍ ያምናል፤ ኋላ አባቱም ያምናል፤ ልጁም ዙፋኑን ትቶ በረሃ ይገባል።

ይህን ሲሰማ የቡድሃን የሕይወት ታሪክ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይነቃል። ነገሩ ያው ነው። ትረካው ከሕንድ ተነሥቶ፣ በፋርስና በዐረቦች አገር አልፎ፣ በጆርጂያና በግሪክ ቋንቋ የክርስቲያን መልክ ይዞ ዓለምን ዞረ። የአውሮፓ ሊቃውንት ዝምድናውን በ19ኛው መቶ ዘመን አረጋገጡ። እስከዚያ ግን በረላምና ይዋስፍ በምሥራቅም በምዕራብም አብያተ ክርስቲያናት እንደ ቅዱሳን ይታሰቡ ነበር። አንድ ታሪክ ሥሩ የትም ይሁን የት፣ ስለ ሞትና ስለ ተስፋ በቅንነት ከተናገረ አማኙ የራሱ አድርጎ ይቀበለዋል። የዘመናዊው አንባቢ ጭንቀት፣ ማለትም ይህ በእርግጥ ሆኗል ወይ የሚለው፣ ለእነዚያ አንባቢዎች ሁለተኛ ጥያቄ ነበር። ቀድሞ የሚመጣው ወዴት ይመራኛል የሚለው ነው።

ወደ አማርኛ ስንመጣም የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ከዚሁ መስመር አልወጡም። የእንግሊዛዊው የጆን ቡንያን መንፈሳዊ ጉዞ፣ አንድ ክርስቲያን ከጥፋት ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰማያዊት ከተማ የሚሄድበት ምሳሌያዊ ትረካ፣ በገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ ወደ አማርኛ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1892 ታትሟል። ከዚያ 16 ዓመት ቆይቶ የመጣው «ጦቢያ» በሴራው የጀብዱ ልብ ወለድ ነው። የክርስቲያኖች የጦር አለቃ ተሸንፎ ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ይዋጀዋል። መንታ ልጆቹ ዋህድና ጦቢያ በዚህ ምክንያት ወደ መከራ ይገባሉ፤ ዋህድ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል፤ ጦቢያ ወንድ መስላ ትጓዛለች። መጨረሻው ግን የገድል መጨረሻ ነው፦ ያላመነው ንጉሥ ጦቢያን ያገባል፣ ክርስትናንም ይቀበላል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1915 ዓ.ም. ባወጡት «ወዳጄ ልቤ» ደራሲው ከገዛ ልቡ ጋር እየተነጋገረ የሰውን ጠባይ በምሳሌ እንዲመረምር አደረጉ። የአማርኛ ልብ ወለድ ሲወለድ ክርስትና የተነሣ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ታሪካዊው ልብ ወለድ በተለይ እንዴት ይሠራል? አሠራሩን ከሁሉ አጥርቶ የተናገረው የ«ቤን ሁር» ደራሲ ሉ ዋላስ ነው። ዋላስ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋ ጄኔራል ሲሆን፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1880 ወጣ። መጽሐፉን እንደ አማኝ አልጀመረውም። በባቡር ጉዞ ላይ ሃይማኖትን አጥብቆ ከሚተች ታዋቂ ተናጋሪ ጋር ሲጨዋወት ስለ ክርስትና ምንም እንደማያውቅ ተገነዘበ፤ አፍሮም ማጥናት ጀመረ። ጽፎ ሲጨርስ አምኖ እንደነበር ኋላ ራሱ መስክሯል። ጽሑፉን ሲያዘጋጅ ሁለት ገደብ አበጀ። ክርስቶስ ደራሲው በፈጠረው ትዕይንት ውስጥ ተዋናይ እንዳይሆን፣ ሲናገርም በወንጌል ከተጻፈው ቃል በቀር አንዲት እንዳይጨመር። ከገደቡ ያፈነገጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በናዝሬት አጠገብ፣ በጉድጓድ ውኃ ዳር፣ ለታሰረው ባለታሪክ ለቤን ሁር ውኃ የሚሰጥ ወጣት አለ።

ይህ ገደብ የጥሩ ታሪካዊ ልብ ወለድ ምሥጢር ነው። መካከሉ አይነካም፤ ፈጠራው የሚፈቀደው በዳር ነው። ደራሲው የሚፈጥረው ምስክር ነው፤ የሚቆጣ፣ የሚጠራጠር፣ የሚበድልና የሚበደል ሰው፤ አንባቢውም በዚያ ሰው ዐይን ወደማይነካው መካከል ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የኤልሳቤጥ ጆርጅ ስፒር «የናስ ቀስት» ለልጆች ይህንኑ ይሠራል። ዳንኤል የተባለ የገሊላ ወጣት ሮማውያንን አጥብቆ ይጠላል፤ ኢየሱስን ሲያገኝ የሚጠብቀው ሰይፍ የሚያነሣ ንጉሥ ነው። መጽሐፉ በማግስቱ ዓመት በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሽልማት አገኘ። ከመጽሐፉ ልጁ የሚያገኘው ስለ ኢየሱስ አዲስ ዕውቀት አይደለም፤ ያንን ከወንጌል ያገኘዋል። የሚያገኘው የዳንኤልን ጥላቻ ከውስጥ ሆኖ ማየት ነው። ጠላትህን ውደድ የሚለው ትእዛዝ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ልጅ የሚያውቀው፣ አብሮ የጠላው ሰው ካለ ነው።

መኪና ውስጥ ያለችው ልጅ ከምታነባቸው ወገን የሆኑት የናርኒያ መጻሕፍት አሠራር ከዚህ ይለያል። ሲ. ኤስ. ሊውስ እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 ያወጣቸው ሰባቱ መጻሕፍት ታሪካዊ አይደሉም፤ የተነሡት ከአንድ «ቢሆንስ» ነው። እንስሳት የሚናገሩበት ሌላ ዓለም ቢኖር፣ ያም ዓለም አዳኝ ቢያስፈልገው፣ አዳኙ በምን መልክ ይመጣ ነበር? ወደዚያ የሚገባውም በቁም ሣጥን በር ነው። ሊውስ ተረት ያለውን ደጃፍ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ መልሶ አበጀው፤ ልጁ በዚያ ሲያልፍ ወግ እንደተለወጠ ያውቃል።

ያም ሆኖ ጭንቀት አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1955 አንድ የ9 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ ከኢየሱስ ይልቅ አስላንን፣ አንበሳውን፣ አስበልጬ ወደድኩ ብሎ ስለተጨነቀ እናቱ ለደራሲው ጻፈች። የሊውስ መልስ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ልጁ አስላንን የሚወድባቸው ሥራዎችና ቃሎች ኢየሱስ በእውነት ያደረጋቸውና የተናገራቸው ናቸው፤ ስለዚህ አስላንን እወዳለሁ ሲል በእውነት የሚወደው ኢየሱስን ነው። ይህ መልስ የፈጠራን ጥቅም በጥሩ ሁኔታ ይገልጻል። ፈጠራ ከመስማት ብዛት የደነዘዘውን ነገር በሌላ ልብስ ያመጣዋል፤ ልጁም መጀመሪያ ይወደዋል፣ ኋላ ማን እንደሆነ ይለየዋል።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ልጅ አንድ ብልጫ አለው። ለብዙ አሜሪካዊ ልጅ አንበሳው ማን እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍና የአንበሳ ሥዕል በወላጆቿ ሳሎን፣ በአያቷ አሮጌ ሳንቲም ላይ ያየች ልጅ ግን ቁልፉ በእጇ ነው። ያላት መሆኑን ግን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚያ ነው። ጋርላንድ ከዳላስ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለች፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 246,018 ነዋሪ የተቆጠረባት ከተማ ናት። ኢትዮጵያውያን ወደ ዳላስ አካባቢ የመጡበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. የ1980ው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ዲቪ ሎተሪ፣ ከዚያም ዘመድ ዘመዱን መሳቡ። የመጡት ወላጆች ማንበብ የተማሩት በአማርኛ ነው፤ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ። የአንድ ቤት ሁለት ትውልድ ሁለት የንባብ ቋንቋ ይዟል።

ልጆች አማርኛ ይሰማሉ፤ ብዙዎቹ ይናገራሉም። ማንበቡ ግን ሌላ ነው። የፊደል 33 ሆሄያት በሰባት ሰባት ቅርፅ ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። የሳምንት አንድ ሰዓት ትምህርት ልጁን ፊደል ያስቆጥረዋል፤ ዐይን ሳይደናቀፍ ገጽ የሚያወርድበት ደረጃ ላይ ግን አያደርሰውም። ውጤቱ ክፍተት ነው። የ9 ዓመቷ ልጅ በእንግሊዝኛ 200 ገጽ በሁለት ቀን ትጨርሳለች፤ በአማርኛ ግን ገና «አበበ በሶ በላ» የሚባልበት ደረጃ ላይ ናት። ጉጉቷ የአራተኛ ክፍል፣ የአማርኛ ንባቧ የአንደኛ ክፍል። በአንደኛ ክፍል አማርኛ የተጻፈው ይሰለቻታል፤ የማይሰለቻት ደግሞ አቅሟን ይበልጣል። ሰው የሚያነበው ደስ የሚለውን ነው፤ ልጅማ ደስ ያላለውን ጨርሶ አይነካም።

ይህን ክፍተት ቀድሞ ያየ ሰው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ነው። በስደት አሜሪካ ገብቶ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠራ፣ ከዓለም ቋንቋዎች መጻሕፍት መካከል በአማርኛ ለልጅ የሚሆን አጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 የሞኙን ማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አሳተመ፤ በማግስቱ ዓመት አዲስ አበባ፣ ሾላ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። አጋሩ ጄን ከርትዝ አሜሪካዊት ደራሲ ናት፤ ወላጆቿ ሚስዮናውያን ስለነበሩ ልጅነቷን ያሳለፈችው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ማጂ ነው። ከእነሱ ወዲህ በሁለት ቋንቋ የሚታተሙ የልጆች መጻሕፍት በርክተዋል፤ አብዛኞቹ ግን ተረቶችና ስለ አገር የሚነግሩ ናቸው። በመጠኑ ረዘም ያለ፣ ሴራና ገጸ ባሕርይ ያለው፣ በእምነት ታሪካችን ላይ የቆመ የልጆች ልብ ወለድ ግን መደርደሪያው ላይ አይታይም።

በእንግሊዝኛ በኩል ያለው ግን ሙሉ ነው። የጃኔት ኦክ የመጀመሪያ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣ ወዲህ የክርስቲያን ልብ ወለድ በአሜሪካ ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል፤ የራሱ አሳታሚዎች፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮም የራሱ ሽልማት አለው። በጋርላንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ በኒኮልሰን ሜሞሪያል፣ ካርድ ያላት ልጅ ናርኒያንም ገሊላንም በነፃ ይዛ ትወጣለች። ስለዚህ መንፈሳዊ ምናቧ በመልክዓ ምድር ይሞላል፤ ገሊላ፣ ሮም፣ የእንግሊዝ ገጠር፣ የአሜሪካ ሜዳ። ላስታ ግን የለም፤ ደብረ ሊባኖስ የለም፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ አደባባይ ላይ የተረሸኑትን ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስን ከሕዝቡ መካከል ቆሞ የሚያይ የ10 ዓመት ልጅ የለም። ስለ ጳጳሱ ቴአትር ተጽፏል፤ ለአዋቂ ነው። የገዛ አገሯ ቅዱሳን በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ከሩቅ ይሰማሉ፤ የሌላ አገር ሰዎች አጠገቧ ተቀምጠው ያወሯታል።

የሚቃወሙ ወላጆችና መምህራን የሚያነሡት ነገር መናቅ የለበትም። ልጅ ቤን ሁርን ከወንጌል ጋር ሊቀላቅል ይችላል፤ በናርኒያ ያለችው ጠንቋይ የምታሳስበው ሰውም በቂ ምክንያት አለው፤ ጥንቆላ በእኛ አገር የምናብ ጉዳይ ብቻ አይደለምና። ከላይ የተዘረዘረው ማስረጃ ግን አደጋው ከፈጠራው ሳይሆን ከደጃፉ መጥፋት እንደሚመጣ ያሳያል። ተረት በቅብብል፣ ገድል በሥላሴ ስም፣ ዋላስ በገደቡ፣ ሊውስ በቁም ሣጥኑ፣ ሁሉም ለአንባቢው አሁን የት እንዳለ ነግረውታል። ብቻውን ለሚያነብ ልጅ ይህን የሚሠራ የቤት ሰው ድምፅ ነው። መጽሐፉን መቀማት ድምፁን አይተካም፤ ዝም ብሎ መስጠትም እንዲሁ። መኪና ውስጥ ላለችው እናት የሚሻላት መልስ «ይሄ ተረት ነው፤ አንበሳው የሚያስታውሰው ግን እውነት ነው፤ ማንን ይመስልሻል?» የሚል ይመስለኛል። ይህ በአማርኛ ሲባል ልጅቷ በእንግሊዝኛ ባነበበችው ላይ በአማርኛ ትወያያለች፤ አማርኛዋም ከ«ጫማሽን አድርጊ» እና ከ«ብዪ እንጂ» ወጥቶ ወደ ሞትና ትንሣኤ ይደርሳል።

ከ«በረላም ወይዋስፍ» ምሳሌዎች አንዱን እራት በልተን ስናበቃ ለልጆች በአማርኛ ነግሬያቸው ነበር። አንድ ሰው ከሚያሳድደው አውሬ ሲሸሽ ገደል አፍ ላይ ይንሸራተትና የዛፍ ቅርንጫፍ ይይዛል። ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቷል። ዘወር ሲል አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ የዛፉን ሥር ይበላሉ፤ ቀንና ሌሊት ናቸው። ያን ጊዜ ከቅጠሉ ማር ጠብ ሲል ያያል፤ እሱን እየላሰ አውሬውንም ዘንዶውንም አይጦቹንም ይረሳል።

ልጆቹ ጸጥ አሉ። አንዱ እውነት ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጠየቁም። ትንሹ ማሩ ይጣፍጥ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በጣም አልኩት። እህቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ክርኗን ተክላ ቆይታ፣ በተሰባበረ አማርኛ «አይጦቹ አሁን የት ደርሰዋል?» አለችኝ።